እረፍትም ሐቅ ነው

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

በከተማ የምንኖር ሙስሊሞች ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ሥራ እንዴት ነው?» ስንባባል ከአፋችን የሚወጣው መልስ አንድ ዓይነት እየሆነ መጥቷል። «አልሐምዱሊላህ፤ ፋታ የለኝም» እንላለን። ቃሉ ቅሬታ ይምሰል እንጂ በውስጡ ኩራትም አለበት። ፋታ ማጣት የትጋት ምልክት፣ ማረፍ ደግሞ የስንፍና ሌላ ስም ሆኖ ተወስዷል። መርካቶ ያለው ነጋዴ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወጥቶ ከዒሻ በኋላ ይገባል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራው ወጣት ትርፍ ሰዓት ከተገኘ እምቢ አይልም። የቢሮ ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ወደሚቀጥለው ዓመት እያሻገረ ይኖራል። ማጀት ውስጥ የምትውለዋን እናትማ ሰዓቷን የሚቆጥርላትም የለ።

ኑሮ መክበዱ አይካድም። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆች የሚጠብቁት እርዳታ ሁሉ ትከሻ ላይ አለ። ሐላል ሪዝቅ ፍለጋ መድከምም ኢባዳ ነው። ነገር ግን ያለ ፋታ የሚሠራ ሰው ቀስ በቀስ ምን እንደሚሆን ልብ ብለን አይተን ይሆን? መጀመሪያ እንቅልፉ ይሸሸዋል። ቀጥሎ ትዕግሥቱ ያልቅና በደንበኛው፣ በባለቤቱ፣ በልጁ ላይ ይጮኻል። ከዚያ ሰላቱ ይቀዘቅዛል፤ ሩኩዕና ሱጁዱን ቢያደርግም ልቡ ከሂሳብ ደብተሩ ጋር ነው። በመጨረሻም ምንም ነገር የማያስደስተው፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት የሚከብደው ሰው ይሆናል። ይህን ጊዜ ዘመድ ተሰብስቦ «ዓይን በልቶት ይሆን? ሲሕር ተደርጎበት ይሆን?» ይላል። «ይህ ሰው ለስንት ዓመት ሳያርፍ ኖረ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። በእስልምና እረፍት ሥራ ሲያልቅ የሚገኝ ጉርሻ አይደለም። አላህ በየቀኑ ከፋፍሎ የደለደለው የነፍስ ሐቅ ነው። የሰው ሐቅ ይዞ የሚከርም ሰው አንድ ቀን እንደሚጠየቅ ሁሉ የራሱን ነፍስ ሐቅ የከለከለም መጠየቁ አይቀርም።

ሌሊት ለምን ተፈጠረ?

ቅዱስ ቁርኣን በነበእ ምዕራፍ (78፡9-11) አላህ (ሱ.ወ) ለሰው ልጅ የዋላቸውን ጸጋዎች ሲዘረዝር እንቅልፍን፣ ሌሊትንና ቀንን አንድ ላይ ያነሳል። እንቅልፍ ለእረፍት፣ ሌሊቱ ለመሸፈኛ፣ ቀኑ ለኑሮ መሆናቸውን ያስታውሰናል። ልብ እንበል። ኑሮ ከመጠቀሱ በፊት የተጠቀሰው እረፍት ነው።

በቀሶስ ምዕራፍ (28፡71-73) ደግሞ አላህ አንድ ከባድ ጥያቄ ያቀርብልናል። ቀኑ እስከ ትንሣኤ ቀን ድረስ ባይመሽ ኖሮ የምናርፍበትን ሌሊት ማን ያመጣልን ነበር? የማይመሽ ቀን ለሰው ልጅ ጸጋ ሳይሆን ቅጣት እንደሚሆን ከዚህ እንረዳለን። ዛሬ ግን በገዛ እጃችን የማይመሽ ቀን ሠርተናል። መብራቱ አይጠፋም። ስልኩ ትራስ ሥር ሆኖ ይጮኻል። ሰውየው ሱቁን ቢዘጋም ሱቁ እሱን አይዘጋውም፤ አልጋው ላይ ተኝቶ የዶላር ምንዛሪና የዕቃ ዋጋ ሲያይ እኩለ ሌሊት ያልፋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትንና ከዒሻ በኋላ ወግ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር ቡኻሪ ዘግበዋል። ዑለማዎች ከሚያነሱት ምክንያት አንዱ ወግ ሲረዝም ሰውየው ለሱብሒ አለመንቃቱ ነው። ያ ወግ በጨለማ ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ነበር። የኛው ግን ከዓለም ሁሉ ጋር የሚደረግና መቋጫ የሌለው ነው።

በኑር ምዕራፍ (24፡58) ልጆችና አገልጋዮች ሳያስፈቅዱ የማይገቡባቸው ሦስት ጊዜያት ተደንግገዋል። ከሱብሒ በፊት፣ ቀትር ላይ ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ ናቸው። ከዚህ የምንማረው አንድም የቤትን ሥርዓት ሲሆን፣ ሁለትም የቀትር እረፍት፣ ማለትም ቀይሉላ፣ በዚያ ኅብረተሰብ ዘንድ ምን ያህል የታወቀ እንደነበረ ነው። ለቀትር እረፍት በር የሚዘጋበት ሰዓት በቁርኣን ተጠቅሶ ሳለ እኛ ቀትር ላይ ዐይኑን የጨፈነውን ሰው ሰነፍ እንለዋለን።

የጁሙዓን ነገር ያየን እንደሆነ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በጁሙዓ ምዕራፍ (62፡9-10) ጥሪው ሲሰማ ንግድ እንዲቋረጥ፣ ሰላቱ ሲጠናቀቅ ደግሞ በምድር ላይ ተበትነን ሪዝቅ እንድንፈልግ ታዘናል። ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ መዋል ግዴታ አልተደረገም። በላስታ ደጋ የሚኖሩ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ወር በገባ በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን እያሉ ሞፈር ሰቅለው ያርፋሉ፤ የእነሱ የእረፍት ቀን ከወሩ ቀኖች ጋር ተቆጥሯል። የእኛ ግን በቀኑ ውስጥ ተበትኗል። ቀኑ በአምስት ሰላት ተከፍሎ በየክፍሉ መካከል መቆሚያ ተደርጎበታል። ስለዚህ ሙስሊም ለማረፍ የሳምንቱን መጨረሻ የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም፤ ትልቁ እረፍት ከጥቂት ሰዓት በላይ አይርቀውም።

ለዚህም ነው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቢላልን (ረ.ዐ) ለሰላት እንዲጣራ ሲያዙት በሰላት እንዲያሳርፋቸው ይጠይቁት የነበረው። ይህን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። እሳቸው በሰላት ያርፉ ነበር። የእኛ ሁኔታ ተገላቢጦሽ ሆኖ ከሰላት ለማረፍ የምንቸኩል በዝተናል። አዛን ሲሰማ የሥራ እንቅፋት እንደመጣበት ሰው ተነስተን በአራት ደቂቃ ጨርሰን እንመለሳለን። የሰላቱን ሰዓት ጠብቀን በውስጡ ያለውን እረፍት ጥለነዋል።

ባልደረቦቹ የተማሩት

አንዳንድ ወንድሞች «ለዱንያ መድከም ሊበዛ ይችላል፤ ለኣኺራ መድከም ግን ልክ የለውም» ይላሉ። ሐዲሶቹ ግን ለኢባዳም ቢሆን ልክ እንዳለው ያስተምራሉ።

ዐብዱላህ ኢብን ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ወጣት ሳሉ ቀኑን ሁሉ ይጾሙ፣ ሌሊቱን ሁሉ ይቆሙ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ጠርተው አነጋገሯቸው። ሰውነት፣ ዐይን፣ ባለቤት፣ እንግዳ፣ ሁሉም በሰው ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነገሯቸው። በወር ሦስት ቀን መጾም እንደሚበቃም መከሯቸው። ዐብዱላህ ግን ከዚያ የበለጠ እንደሚችሉ እየተናገሩ ጭማሪ ጠየቁ፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን የማፍጠሩ የዳውድ (ዐ.ሰ) ጾም ላይ ቆሙ። ዓመታት አለፉ። ዕድሜያቸው ገፍቶ ጉልበታቸው ሲደክም ያን ቅናሽ ባለመቀበላቸው መቆጨታቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ወጣቶቻችን ይህን ሐዲስ ቢያስተውሉት መልካም ነው። ሃያ አምስት ዓመት ላይ ያለ ጉልበት ዘላለም የሚኖር ይመስላል።

እናታችን ዘይነብ (ረ.ዐ) በሰላት ሲደክሙ የሚይዙት ገመድ በመስጊዱ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ወጥሮ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገብተው ሲያዩት ፍቱት አሉ። ሰው ንቁ በሆነበት መጠን እንዲሰግድ፣ ሲደክመው እንዲቀመጥ አዘዙ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ዛሬ እያንዳንዳችን የወጠርነው ገመድ አለን። ሲደክመን የምንቀመጥ ሳይሆን እሱን ይዘን የምንቆም ነን። የአንዱ ገመድ በቀን ስድስት ስኒ ቡና ነው፤ የሌላው ጫት ነው።

ሐንዘላም (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲሆኑ ልባቸው ጀነትና ጀሀነምን የሚያይ እስኪመስላቸው እንደሚበረታ፣ ቤታቸው ገብተው ከልጆችና ከንብረት ጋር ሲዋሉ ግን ያ ስሜት እንደሚለያቸው አይተው ሙናፊቅ የሆኑ መስሏቸው ተጨነቁ። አቡበክርም (ረ.ዐ) ያው እንደሚሰማቸው ነገሯቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት መልስ የሰው ልብ ለዚህም ለዚያም ጊዜ እንዳለው የሚያረጋጋ ነበር። ከልጅ ጋር መጫወት፣ ከባለቤት ጋር መሳቅ የኢማን ጉድለት እንዳልሆነ ሙስሊም በዘገቡት በዚህ ሐዲስ ተረጋግጧል።

መኪና አይደክምም

ይህን ጉዳይ አጥብቄ እንዳስበው ያደረገኝ በሰሜን ወሎ ዞን የምትገኘው ጋሸና ናት። ከወልድያ ተነስቶ የድልብን አቀበት ወጥቶ ወደ ወረታ የሚዘልቀው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ወደ ላሊበላ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኘው ጋሸና ላይ ነው። ከላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ የማታው ብርድ አጥንት ውስጥ ይገባል። የመስቀለኛ መንገድ ከተማ እንደመሆኗ ኑሮዋ ከመንገደኛ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ሻይ ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ አልጋ ቤቱም መንገደኛ ይጠብቃል።

ከሰሜኑ ጦርነት በፊት፣ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በሥራ ምክንያት በዚያ ሳልፍ ሻይ ቤት ውስጥ ከአንድ ሙስሊም የጭነት መኪና ሾፌር ጋር ተጎራብተን ተቀመጥን። ዐይኑ ደም መስሏል።

«ወንድሜ፣ ከየት ተነሳህ?» አልኩት።

«ከጅቡቲ። ሚሌ ላይ ትንሽ ጋደም ብያለሁ። አሁን ጎንደር ሳልገባ አልተኛም» አለኝ።

ዙህርና ዓስርን አጣምሮና አሳጥሮ እንደሰገደ ነገረኝና «አላህ ለመንገደኛ አቅልሎልናል እኮ» አለ፣ ፊቱ በራ ብሎ።

«ታዲያ አላህ ያቀለለልህን አንተ ለምን ታከብደዋለህ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀና ከጎኑ ያለውን እስር ጫት በእጁ መታ መታ አደረገው። «እረፍቴ ይኸው» አለኝ።

ጨዋታችንን ሲሰሙ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ በድሮ ጊዜ በቅሎዋ ነበረች የምታሳርፈን። ዛሬ ግን መኪናው አይደክም» አሉት።

የሽማግሌው ንግግር ታሪክ ያዘለ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ የሲራራ ንግድ በአብዛኛው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ እንደነበረ የታወቀ ነው። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው በሰቆጣ አልፎ ወደ መሐል አገር የሚደርሰው በእንስሳ ጀርባ ነበር። በዚያ ንግድ የጉዞውን ልክ የሚወስነው የነጋዴው ምኞት ሳይሆን የበቅሎዋ ትንፋሽ ነው። ስትደክም ጭነት ይራገፋል፤ ውኃ ካለበት ይሰፈራል፤ ነጋዴውም አብሯት ያርፋል፤ ይሰግዳል፤ ያወራል። ቢቸኩል በቅሎዋ ትሞትበታለች። ዛሬ መኪናው፣ ኮምፒውተሩ፣ ስልኩ አይደክሙም። ሰው ደግሞ ከማይደክም ነገር ጋር ተጠምዶ እሱም የማይደክም እየመሰለው ነው። ስለዚህ የቀድሞው ነጋዴ ሳይወድ ያገኘውን እረፍት የዛሬው ሰው ወዶና አስቦ ካልወሰደው ከየትም አያገኘውም።

ጫትን በተመለከተ ዑለማዎች ስለ ፍርዱ ብዙ ተነጋግረዋል፤ በዚህ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ አልገባም። «እረፍቴ ነው» የሚለውን አባባል ግን ማለፍ አይቻልም። በጫት ውስጥ ያለውና ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር በአሠራሩ ተመሳሳይ ነው። የሚያደርገውም ድካምን ማስወገድ ሳይሆን ድካም እንዳይሰማ ማድረግ ነው። ሰውነቱ ደክሟል፤ ወሬውን የሚያደርሰው መልእክተኛ ግን ታግዷል። ምርቃናው ሲለቅ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ስሜት ይወድቃል፤ ቃሚዎች ራሳቸው ዱካክ የሚሉት አስፈሪ ሕልምም ይመጣል። በእኛው ቋንቋ እንናገረው ከተባለ ጫት ጉልበትን በወለድ የሚያበድር አበዳሪ ነው። ወለድ በንግዳችን ሐራም መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ከገዛ ሰውነታችን ጋር በወለድ መነገዳችን የሚያስገርም ነው።

በርጫው ውስጥ መልካም ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ይመካከራሉ፣ የጎደለባቸውን ይነጋገራሉ፣ ዱዓ ይደረጋል። ይህ ሁሉ የተጨነቀች ነፍስን የሚያሳርፍ ነው። ነገር ግን መልካሙ የመጣው ከመሰባሰቡ እንጂ ከቅጠሉ አይደለም። የወሎ እናቶች አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው በሦስት ዙር የሚያፈሉት ቡናና ከቡናው ጋር ያለው ምርቃት ይህንኑ ይሠራል፤ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይነሳ በጊዜ ከተጠጣ ማለት ነው።

የሕክምና ሰዎች ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በጋራ ያወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎችን ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር አነጻጽሯል። ብዙ ሰዓት የሚሠሩት በጭንቅላት የደም ሥር አደጋ የመመታት ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዙ በእነዚህ ሁለት በሽታዎች ሞተዋል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሱቅ የሚውል ነጋዴ በስድስት ቀን 72 ሰዓት መሥራቱን ያስሉት። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከሥራ ጫና የሚመጣውን የጉልበትና የስሜት መሟጠጥ በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባው ውስጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ አብራርቶታል። መገለጫዎቹም ሦስት ናቸው፤ አቅም ማጣት፣ ሥራን መጥላትና ከሥራው በልብ መራቅ፣ እንዲሁም የሥራ ውጤት መቀነስ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና 22 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ደግሞ ከ10 ደቂቃ የማይበልጡ አጫጭር እረፍቶች ንቃትን እንደሚጨምሩ፣ ድካምን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። አእምሮን በጣም ለሚፈትን ሥራ ግን ከዚህ ረዘም ያለ ፋታ ሊያስፈልግ እንደሚችል ጠቁሟል። አሥር ደቂቃ እንግዲህ ዉዱእ አድርጎ ተረጋግቶ ፈርዱን ለመስገድ የሚበቃ ጊዜ ነው። ሰላት የምንሰግደው ጥናት ስለመሰከረለት አይደለም፤ ለአላህ ብለን ነው። ነገር ግን ያዘዘን ጌታ የፈጠረን ጌታ መሆኑን ስናስታውስ ትእዛዙ ከተፈጥሯችን ጋር መግጠሙ አያስደንቅም።

ለሙስሊሞች የነፍስ ጤና አዲስ ወሬ አይደለም። በዛሬዋ አፍጋኒስታን በበልኽ የተወለዱትና በ322 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ934) ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና አጠባበቅ በጻፉት መጽሐፍ ሰውነት እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም እንደምትታመም አስረድተዋል። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለይተው ለየራሳቸው መላ ጽፈዋል። ከምክራቸው አንዱ ይህ ነው። ጤነኛ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልብ በተረጋጋበት ጊዜ ለጭንቅ ቀን የሚሆን በጎ ሐሳብ ማጠራቀም ይገባል። ፋታ የሌለው ሰው ታዲያ ይህን ስንቅ መቼ ያጠራቅማል?

እረፍት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋሸናና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ የጦርነት ግንባር ነበሩ፤ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ተቀያይራለች። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የአማራ ክልል ከግጭት አላረፈም። ልጁን የቀበረ አባት፣ የመድፍ ድምፅ ሰምታ ዛሬም በር ሲንኳኳ የምትደነግጥ እናት፣ ቀይሉላ ቢተኙ ይድናሉ ብሎ መናገር ድፍረት ነው። «ሰብር አድርግ» ብሎ ዞር ማለትም እንዲሁ። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዐይናቸው እስኪነጣ ማዘናቸውን ቁርኣን በዩሱፍ ምዕራፍ (12፡84) ነግሮናል። ኢማናቸው ጎድሎ አልነበረም።

ስለዚህ ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ የዘለቀበት፣ እንቅልፍና ምግብ የተለየው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መሞትን የሚመኝ ሰው ካለ ሐኪም ያስፈልገዋል። ቁርኣን ይቀራበት፣ ዱዓ ይደረግለት፤ ከዚያ ጎን ለጎን ወደ ሕክምና ይወሰድ። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ዛሬ ግን አገልግሎቱ በክልል ሆስፒታሎችም ይሰጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ አስተምረዋል፤ የአእምሮን በሽታ ለይተው አላስቀሩም።

በእጃችን ያሉ እረፍቶች

ከቃል ወደ ተግባር ስንመጣ ብዙዎቹ እረፍቶች ገንዘብ የማይጠይቁ ሆነው እናገኛቸዋለን።

አንደኛ፣ ሰላት። አዛን ሲሰማ ስልኩን ሥራ ቦታ ትተን እንሂድ። ዉዱኡን ሳንጣደፍ፣ ከሰላት በኋላ ያለውን ዚክር ሳንዘል፣ ተቀምጠን ትንፋሽ ወስደን እንመለስ። በቀን አምስት ጊዜ ስልክ የሌለበት ቦታ መቀመጥ በዚህ ዘመን ትልቅ ሀብት ነው።

ሁለተኛ፣ ቀይሉላ። ከዙህር በፊት ወይም በኋላ ሃያ ደቂቃ ጋደም ማለት፤ እንቅልፍ ባይመጣ እንኳ ዐይንን መጨፈን። በጋሪ ላይም ሆነ በሱቅ ጀርባ የሚቻል ነው።

ሦስተኛ፣ ሌሊት። ከዒሻ በኋላ የገበያን ወሬ መዝጋት። ለሱብሒ መነሳት የከበደው ሰው የመቀስቀሻ ደወል ከመጨመሩ በፊት የሚተኛበትን ሰዓት ያስተካክል።

አራተኛ፣ ጁሙዓ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዓመታት የተለመደው የዓርብ የምሳ እረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ገላን ታጥቦ፣ ቀድሞ መስጊድ ደርሶ፣ ኹጥባውን ከመጀመሪያው አዳምጦ፣ ከወንድም ጋር ተጠያይቆ ለመመለስ ይበቃል። ኢማሙ ሁለተኛውን ረከዓ ሲጀምር የሚደርስ ሰው ግን ሰላቱን ቢያገኝም ፋታውን አላገኘም።

አምስተኛ፣ ጨዋታ። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከልለው ራሷ እስክትጠግብ ድረስ ያሳዩአት እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በዚያ መስጊድ የተጫወቱት የእኛው አገር ሰዎች ነበሩ! ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ መድረሳ የሚውሉ ልጆቻችንን ኳስ የሚራገጡበት ሰዓት አንንፈጋቸው። መድረሳን የወደደ ልጅ የሚገኘው ጨዋታ ካልተከለከለ ቤት ነው።

ስድስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው፤ በእጃችን ሥር ያሉ ሰዎች እረፍት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ሠራተኛ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት እረፍት፣ አንድ ዓመት ሲያገለግልም 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ሠራተኛውን ዓመቱን ሙሉ እሑድም ሳይቀር እያስገባ በረመዳን ኢፍጣር የሚያበላ ባለ ሱቅ ራሱን ይጠይቅ። አዋጁ በሰው ቤት የምትሠራዋን ልጅ አይሸፍንም። ከሁሉ ቀድማ የምትነሳው፣ ከሁሉ ኋላ የምትተኛው እሷ ናት። ነገር ግን አቡ ዘር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእጃችን በታች ያሉት ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው፣ ከጫንንም እንድናግዛቸው አዘዋል። የአገር ሕግ ባይደርስላት የአላህ ሕግ ይደርስላታል። እኛ ተራዊሕ ሰግደን ስንመለስ እሷ ገና ዕቃ እያጠበች ከሆነ፣ የሌሊት ሰላታችንን ምንዳ ከመቁጠራችን በፊት የእሷን ሐቅ እንቁጠር።

ወንድሞችና እህቶች! ሪዝቅ በአላህ እጅ መሆኑን በምላሳችን እንመሰክራለን። ሱቁ ለአንድ ሰዓት ቢዘጋ ሪዝቁ የሚያመልጥ የሚመስለን ከሆነ ግን ምስክርነታችን ከምላስ አላለፈም። በጊዜው የሚያርፍ ሰው ያለ ቃል የሚናገረው ነገር አለ። ዓለምን የሚያስተዳድራት እሱ እንዳልሆነ ያምናል። እሱ ሲተኛ የማይተኛ ጌታ አለው።

አላህ የነፍሳችንን፣ የቤተሰባችንንና የሠራተኞቻችንን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ለተጨነቁት ፈረጃ፣ ለታመሙት ሺፋ፣ ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።